በቡና ገለባ የተቀበረ ጊታር

ጅማ፣ ሄርማታ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ይህኛው አልተላከም)

ወንድሜ ጎሳዬ፣

ደብዳቤህን ሹፌሩ ሰሚር ከነጭቃው አመጣልኝ። የልጅህን የፀደንያን ሠርግ ቀን ሳይ ደስ ብሎኝ ለቤቴ እመቤት ለመድና ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እሷም እልል አለች። ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 19፣ በራስህ ጊታር እንደምትጫወትላት ለልጅቷ ቃል ገብተሃል የሚለው ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ወረደ። መድና "ምነው?" ብትለኝ መነጽሬን አሳበብኩ።

ጊታሬ እንዴት ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። እውነቱን ልንገርህ፦ ሞቷል። የገደልኩትም እኔ ነኝ።

ከሰባት ዓመት በፊት ወደዚያ ጫካ እርሻ በመጋዘን ኃላፊነት ስትሄድ "የጌራ እርጥበት ይበላብኛል፣ ያንተ ቤት ደረቅ ነው" ብለህ አደራ ሰጠኸኝ። እኔም ከጥንቃቄ ብዛት ሣጥን አሠርቼ፣ ከቡና መቀሸሪያችን የወጣ ደረቅ ገለባ ሞልቼ መሐሉ ቀበርኩት። አባቴ ብርጭቆና ስኒ በገለባ ሸፍኖ ከአጋሮ ሲያመጣ አንድም አይሰበርበትም ነበር። ገለባ ክረምት ክረምት እርጥበት እንደሚጠጣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ለቡና የማውቀውን ለጊታር ረሳሁት።

ዛሬ ሣጥኑን ስከፍት ገለባው ጠቁሮ ተጋግሯል። እንጨቱ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። ድምፅ ማጉያ የሚያከራየውን ሙስዓብን ጠርቼ አዲስ ክር አስገባሁበት፤ ከማጉያው ጋር አገናኝቶ መታው። ምንም። ከክሮቹ ሥር ያሉትን ሁለቱን ፒካፖች በሜትር ለካቸውና "ጋሼ፣ የክሩን ድምፅ ለማጉያው የሚያቀብሉት እነዚህ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ፀጉር የሚያህል መዳብ ዝጎ ተበጣጥሷል። ሌላ ካልተተካላቸው ጊታሩ እንጨት ነው" አለኝ።

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ። አርባ ዓመት ወንድም ሆነን፣ አንድ ነገር ጠብቅልኝ ብትለኝ አንዱን አጠፋሁት። ይህን ደብዳቤ ለሰሚር ልሰጠው ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ኮቴ ኪስ ውስጥ ይቆይ።


ጅማ፣ ሄርማታ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጎሳዬ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ያንተን አለመኖር ካልቆጠርን ሁላችንም ሰላም ነን። ለፀደንያ ጋብቻ እንኳን ደስ ያለህ። መድና ከአሁኑ የምትለብሰውን ማውጣት ጀምራለች።

ስለ ጊታሩ አታስብ። አንተ ያስቀመጥክበት ቤት፣ እኔ ያስቀመጥኩበት ሣጥን ውስጥ ነው።

ጊታር ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅህ። አጋሮ አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ሁለቱም ፒካፖቹ ሞተውበት በምን እንደሚተካቸው ጨንቆታል። ጊታሩ ያንተን ይመስላል አሉ። አንተ ብትሆን ምን ትመርጥ ነበር? በዝርዝር ጻፍልኝ፤ ሰውየው አንደበተ አጭር ነው፣ ደጋግሞ አይጠይቅም።

ፎቶ ላክልኝ ላልከው፣ ስልኬ ካሜራው ደብዝዟል፤ ይቅርታ።

ወንድምህ ቲጃኒ


ከጌራ ማዶ፣ ከእርሻው
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቡና ቀማሹ ወንድሜ ለቲጃኒ፣

ረመዳን ሙባረክ። ዘንድሮ ያንተም ጾም የኔም ሁዳዴ ተገናኝተው የሁለታችንም ሆድ ባዶ ነው። ለምን አይደውልም እንዳትለኝ፣ እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው ዋርካው ላይ ለወጣ ሰው ብቻ ነው። እኔ በዚህ ቦርጭ ዋርካ አልወጣም፤ ቢወጣልኝም ሲወርድ አያድርስ። የሰሚር መኪና ይሻለኛል።

አሁን ወደ አጋሮው ሰውዬ። ቡና ቀማሽ ስለ ፒካፕ ሲጠይቅ መስማት ገርሞኛል፤ ግን ዕድሜ ልኬን ስለ ቡና ስትሰብከኝ ኖረሃልና ዛሬ ተራው የኔ ነው።

ፒካፕ ማለት ማግኔት ነው፣ በዙሪያው ሺህ ጊዜ የተጠቀለለ ሽቦ። ባለ አንዱ ጥቅል ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ነገር ግን ዝም ስትል እንደ ንብ ያጉረመርማል። ባለ ሁለቱ ጥቅል አያጉረመርምም፤ ወፍራም ነው፤ ግን ጣትህን የሚደብቅ ድምፅ ነው። ለእኛ ዜማ፣ ለባቲና ለአንቺ ሆዬ፣ ጣት መደበቅ የለበትም። ስለዚህ ባለ አንዱን ይምረጥ፣ ማጉረምረሙን ይቻለው። ሚስቱንስ ችሎ የለ?

ሱቅ ውስጥ ጮክ ብሎ የሰማውን እንዳይገዛ ንገረው። ጩኸት ያታልላል። አንድ ክር መትቶ ዝም ይበል፤ ድምፁ እንዴት እንደሚያልቅ ያዳምጥ። ጥሩ ፒካፕ ሲያልቅ ይሰማል፣ መጥፎው ይቋረጣል። ይህን የሚሰማ ጆሮ ከሌለው የሚሰማ ሰው ይዞ ይሂድ።

የኔን እንደ ምሳሌ አንስተሃል። የኔዎቹ ከነጊታሩ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ ከዚያ የውጭ አገር መምህር ስገዛው የነበሩት ናቸው። እንደነሱ ያለ አጋሮ ቀርቶ አዲስ አበባም አይገኝም። አደራ ታዲያ፣ ማንም ክዳናቸውን እንዳይከፍት። ማጉያ አከራያችን ሙስዓብም ቢሆን። አየር ሲነካቸው ይበላሻሉ። ክሩን ብቻ ይቀይር።

ሰውየው ግን ማን ነው? አጋሮ ውስጥ ጊታር ያለውን ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ጎሳዬ


ጅማ፣ ሄርማታ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጎሳዬ፣

ከቡና ንግድ የመጣ ሰው ነው፤ አታውቀውም። ስሙን እንዳልናገር ለምኖኛል።

ደብዳቤህን ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ከዚያ ሦስት ዓይነት አስሞከርነው። ቀማሽ ስለሆንኩ እንደ ቡና ነው የምነግርህ፤ አትሳቅ።

የመጀመሪያው አዲስ ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የቻይና ሥራ። ሙስዓብ አገናኝቶ ሲመታው ከሱቁ ውጪ ያለ ሰው ዞር አለ። ጥሬውን እንደተለቀመ ቡና ነው፤ አፍ ይይዛል፣ ከዚያ ምንም የለም። ያልከኝን አድርጌ ዝም ብዬ አዳመጥኩ፤ ልክ እንዳልከው ተቋረጠ።

ሁለተኛው ከአሰንዳቦ ነው። አንድ አናጺ ከተሰበረ ጊታር የፈታው ባለ ሁለት ጥቅል አለኝ ማለቱን ሰምተን ከሙስዓብ ጋር በሚኒባስ ሄድን። በጾም አፌ ያን ያህል መንገድ! ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን ታፍኗል። ጆንያ ውስጥ ከርሞ የጆንያ ሽታ የያዘ ቡና ታውቃለህ? እንደዚያ። ለሌላ ሰው ይሆን ይሆናል፣ ለዚህ ጊታር አይሆንም።

ሦስተኛው ገና ሐሳብ ነው። የሟቹ የአብራር ልጅ ሩፈይዳ የአባቷን ሥራ ይዛ የመቀሸሪያና የወፍጮ ሞተር ትጠቀልላለች። ሙስዓብ "ሞተርም ጥቅል ነው፣ ፒካፕም ጥቅል ነው፤ አሮጌውን ፈትታ በአዲስ ሽቦ ብትጠቀልለውስ?" አለ። ለሰውየው ይህ ልቡ ውስጥ ገብቷል። ምን ትላለህ?

ስለ ጊታርህ ደጋግመህ ጠይቀሃል። ክሩ ተቀይሯል። ሌላውን ስትመጣ ታየዋለህ ኢንሻአላህ።

ቲጃኒ


ከእርሻው
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቲጃኒ፣

ሰሚር መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው፤ ሰላምታዬን ሌላ ቀን እሞላልሃለሁ።

ለሰውየው ንገረው፦ ወደ አብራር ልጅ እንዳይሄድ። እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ለሞተር ጠቅላይ አይሰጥም። የቻይናውን ይግዛ፣ ይለምደዋል። አሮጌውን ደግሞ ማንም ሳይከፍተው ይጣለው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፤ ስመክርህ ስማኝ።

ጎሳዬ


ጅማ፣ ሄርማታ
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጎሳዬ፣

ትናንት ዒድ ነበር። ከሶላት ስንወጣ ሰው ሁሉ አውፍ፣ ይቅር ሲባባል እኔ ካንተ ጋር አውፍ ሳልባል ነው የዋልኩት። ስለዚህ ዛሬ ተቀመጥኩ።

የአጋሮ ሰው የለም። ሰውየው እኔ ነኝ፤ ጊታሩም ያንተ ነው። ከዚህ ጋር ባለፈው የካቲት ጽፌ ኪሴ ያስቀረሁትን ደብዳቤ አያይዤልሃለሁ፤ እንዴት እንዳጠፋሁት እሱ ይነግርሃል። ወላሂ ክፋት አልነበረኝም፤ ፍርሃት ነው። አንተን ማጣት ፈርቼ ዋሸሁህ። ይቅር በለኝ።

የቀረውን ደግሞ ስማ። የመጨረሻዋ ደብዳቤህ ስትደርሰኝ ነገሩ አልፎ ነበር። እሷ ከመድረሷ ሦስት ቀን ቀድሜ ፒካፖቹን በመሐረብ ጠቅልዬ ለሩፈይዳ ወስጄላት ነበር። ከውጭ አገር የመጡ ናቸውና ተጠንቀቂ አልኳት። ክዳኑን አነሳች፣ ጥቁሩን ፕላስተር በምላጭ ጫፍ ቀስ ብላ ላጠች። ከዚያ እጇ ቆመ። ከፕላስተሩ ሥር፣ ጥቅሉ የሚያልቅበት ላይ፣ በአረንጓዴ የሐር ፈትል ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ወደ ግራ ተቋጥሯል።

"ጋሼ ቲጃኒ፣ ይሄን ማን ሠራው አሉኝ?" አለች።

"ከውጭ የመጣ ነው።"

"አይደለም። ይሄ የአባቴ ቋጠሮ ነው።"

ከመደርደሪያ አንድ አሮጌ የመቀሸሪያ ሞተር አውርዳ አሳየችኝ። ያው አረንጓዴ፣ ያው ሦስት ዙር፣ ያው ወደ ግራ። እናቷ ኮፍያ ስትጠልፍ የሚተርፋትን ፈትል አብራር ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ነጭ ክር ቫርኒሽ ውስጥ ይጠፋል ይል ነበር አለችኝ። ሁለተኛውን ፒካፕ ከፈተችው። ያም እንደዚያው። ከዚያ በሥራ ልብሷ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች። አባቷ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ እጁን ባላሰበችበት ቦታ አገኘችው።

እኔ ስለዚህ አልጠይቅህም። አደራ የበላ ሰው ጠያቂ አይሆንም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ "ሞተር ጠቅላይ" ያልክበትን ደብዳቤ አላነበብኩላትም፣ ለማንም አላነብም።

ፒካፖቹ እሷ ጋ ናቸው። መጠቅለል እችላለሁ ብላለች፣ ግን የባለቤቱ ፈቃድ ሳይመጣ አልጀምርም አለች። ሠርጉ አራት ሳምንት ቀርቶታል። የቻይናውን ግዛ ካልክ ዛሬውኑ እገዛለሁ። ቃሉ ያንተ ነው።

ቲጃኒ


ከእርሻው
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ቲጃኒ፣

ደብዳቤህን መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ አነበብኩ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ አራት ዓመት የተሸከምኩትን አንተ በአንድ የገለባ ሣጥን አወረድክልኝ።

እኔም እንዳንተው ነኝ። በ1993 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሆቴሉ ውስጥ የምንጫወትበት ዝግጅት ነበር። ፒካፑ ይጮህብኝ ስለነበር "ላጽዳው" ብዬ በምላጭ ከፈትኩት። ሽቦውን በጠስኩት። እሱን ልቀጥል ስል የሁለተኛውንም በጠስኩ። ትዕቢት ነው፤ ለማንም አልሰጥም ብዬ። ያኔ የነበረብኝን ጭንቅ አሁን አንተ ታውቀዋለህ።

መሄጃ ባጣ ወደ አብራር ወሰድኩት፤ እሱ ጊታር በእጁ ይዞ አያውቅም ነበር። አገላብጦ አየውና "ያ ጎሳዬ፣ ሽቦ ሽቦ ነው፤ ረኮ ሂንቀቡ" አለኝ። ችግር የለም ማለቱ ነው፤ በእርግጥም አልነበረም። በማግስቱ ሰጠኝ። ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት፤ አልተናገረም። የዚያን ዋዜማ ሰዉ "ይሄ የውጭ ድምፅ ነው" አለ። እኔም አዎ አልኩ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አዎ እያልኩ ኖርኩ። አብራር አንዳንዴ አትክልቱ ሥር ሻይ ይዞ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ሰው ስለ ውጭ ድምፅ ሲያወራ እሱ ወደ ብርጭቆው ያያል፣ ፈገግ ይላል። ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆሜ እንኳ አልተናገርኩም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ልጁንም ሞተር ጠቅላይ ብዬ ሰደብኳት፤ አፌ ይቆረጥ። የአጋሮው ሰው አንተ መሆንህን ጠርጥሬ ነበርና የፈራሁት ትከፍተዋለች ብዬ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ይሄንን ነው።

እንግዲህ ምርጫዬ ይኸውልህ። የቻይናውን አልፈልግም። ከባሕር ማዶ እውነተኛው ቢመጣልኝም አልፈልግም። ጅማ ያን ሁሉ ዓመት የወደደው ድምፅ የአብራር ነው። ሩፈይዳ ትጠቅልለው፣ በአረንጓዴ ፈትል ትቋጥረው። ሁሉንም ንገራት፤ እኔም ስመጣ በአፌ እነግራታለሁ።

አንተን ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም አውፍ በለኝ። ገለባውን ይቅር ብያለሁ። አጋሮ ያለውን "አንደበተ አጭር" ሰውዬ ግን እስክንሞት አነሳብሃለሁ።

ጎሳዬ


ጅማ፣ ሄርማታ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ጎሳዬ፣

አውፍ። ከልቤ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፌ ተመልሷል፤ መድና ማንኮራፋቴ ናፍቋት እንደነበር ነገረችኝ።

ሥራው አልቋል። ችግሩ ስንት ዙር እንደሚጠቀለል አለማወቃችን ነበር። አብራር የትም አልጻፈውም፣ ተበጣጥሷልና መቁጠርም አልተቻለም። ሩፈይዳ ስትጨነቅ እኔ የቡና ናሙና የምመዝንባትን ትንሿን ሚዛን አመጣሁ። አሮጌውን ሽቦ ከነቁርጥራጩ መዘንነው፤ እሷ ከአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ልክ ያንኑ ውፍረት ያለው ሽቦ አወጣች፤ ሚዛኑ እኩል እስኪሆን ጠቀለለች። የጠቀለለችውም በመድና የስፌት መኪና ነው፣ ክር መጠቅለያዋ ላይ አስራ። ሽቦው አምስት ጊዜ ተበጠሰባት። በስድስተኛው ሳይበጠስ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ሙስዓብ አገናኘው። አንድ ክር ብቻ ምታና ዝም በል አልኩት። ድምፁ ሄደ፣ ሄደ፣ እስኪያልቅ ሰማሁት። አሁን እንደ ቡና አልነግርህም። ያንተው ጊታር ነው።

ና ብቻ።

ቲጃኒ


ከእርሻው
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ቲጃኒ፣

በሰላም ገብቻለሁ። እስከ ሰኔ መጋዘኑን አስረክቤ ጠቅልዬ እመጣለሁ።

ሠርጉ ላይ ለዐስር ሶላት ስትወጣ ምን አመለጠኝ፣ ከአንተው ልስማው ብለህ ጠይቀኸኛል። አንተ በሌለህበት የተናገርኩት ሆን ብዬ አይደለም፤ አንተ ፊት ለመናገር ግን ወኔ አጥቼ እንደነበር አልደብቅህም።

ለፀደንያ ተጫውቼ ስጨርስ አንድ የድሮ የሆቴሉ ደንበኛ ተነሥቶ "ያ የውጭ ድምፅ እኮ አሁንም አለ!" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ጊታሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። "የውጭ አይደለም" አልኩ። "ዋሽቼአችሁ ነበር። ይህን ድምፅ የሠራው የሄርማታው አብራር ነው፤ ነፍሱን ይማር። አሁን የሰማችሁትን ደግሞ ልጁ ሠርታዋለች፤ እዚያ ከሙሽራዋ ጋር ተቀምጣለች።" ከዚያ ፀደንያ ራሷ ከወንበሯ ተነሥታ ሩፈይዳን አቅፋ አቆመቻት፤ ጭብጨባው እንደገና ተነሣ፣ አሁን ግን ለባለቤቱ።

በኋላ ሩፈይዳ ወደ እኔ መጣች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣም እውነት ነበራት። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ "ጋሽ ጎሳዬ፣ አባቴ ሁልጊዜ 'አንድ የሚዘፍን ሞተር ሠርቻለሁ' ይለን ነበር። የት ነው ስንለው ይስቃል። እኛ ቀልድ ይመስለን ነበር።"

እጇን ሳምኩ።

ጊታሩ እስከ ሰኔ እንደገና አንተ ጋ አደራ ነው። እባክህ ሣጥን አታሠራለት። ሳሎንህ ግድግዳ ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ ስቀለው። ሩፈይዳ ስትመጣ ደግሞ ከማጉያው ጋር አገናኝና አንድ ክር ምታላት፤ ሞተሩ ይዝፈን።

ወንድምህ
ጎሳዬ